ጆሮ የሚደፍን ኤርፎን ለማጀቴ ልጅ

ዛሬ ከፖለቲካው ትንሽ ወጣ ብዬ ስለ ኤርፎን ልጽፍ ነው። «አገር እንዲህ ሆኖ ስለ ኤርፎን?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው አንብቡትና ከዚያ ፍረዱ።

ማጀቴ ያለው ታናሽ ወንድሜ ደወለልኝ። «ደህና ኤርፎን ግዛልኝ። ርካሹን አይደለም፤ በየሦስት ወሩ አንድ ጎኑ እየሞተ ሰለቸኝ። ቤዙን በደንብ የሚያወጣ ይሁን» አለኝ። ልጁ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ነገር አይሆንለትም። የሮፍናን «ነጸብራቅ» በ2010 ዓ.ም. ሲወጣ ገና ትንሽ ልጅ ነበር። ያኔ የያዘው ፍቅር አልለቀቀውም፤ ዛሬ ሃውሱንም ቴክኖውንም ሜሞሪ ሙሉ ጭኖ ነው የሚዞረው።

በማግስቱ ደግሞ እናቴ ደወለች። «ለዚያ ልጅ ጆሮ የሚደፍን ዕቃ ልትልክለት ነው አሉ። ተው ልጄ። እንዲሁም ስጠራው አይሰማኝም። አሁን ደግሞ ጊዜው እንዲህ ነው፤ የሚመጣውን የሚሰማ ጆሮ ያስፈልጋል።»

ሁለቱም ልክ ናቸው። እኔ ደግሞ መሀል ላይ ገንዘብ ይዤ ቆምኩ።

ከወንድሜ ልጀምር። የዳንስ ሙዚቃ መሠረቱ ምቱ ነው። ሃውስም ሆነ ቴክኖ በደቂቃ 120 ወይም 130 ጊዜ ያህል የሚመታ ከበሮ አለው፤ ከሥሩ ደግሞ የሚያጉረመርም ቤዝ ይሄዳል። ይህ ወፍራም ድምፅ በአብዛኛው ከ100 ሄርዝ በታች ነው። ክለብ ውስጥ ደረት የሚነቀንቀው እሱ ነው። የስልክ ስፒከር ይህን ድምፅ ማውጣት አይችልም ማለት ይቻላል። በስልክ የተከፈተ ቴክኖ ቆርቆሮ ሲቀጠቀጥ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ጆሮ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ ኤርፎን ግን ትንሽ ሆኖ ሳለ ይህን ቤዝ ያወጣዋል። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አለው፤ ቀዳዳው በደንብ መደፈን አለበት። ትንሽ ክፍተት ካለ መጀመሪያ የሚያመልጠው ቤዙ ነው። ስለዚህ የአሥር ሺህ ብር ኤርፎን ጎማው ለጆሮህ ካልሆነ የሁለት መቶ ብር ድምፅ ይሰጥሃል። ብዙ ሰው «ይሄ ኤርፎን ቤዝ የለውም» ብሎ የሚጥለው ጎማውን ሳይቀይር ነው። ካርቶኑ ውስጥ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ጎማ የሚቀመጠው ለጌጥ አይደለም። የግራና የቀኝ ጆሯችን እንኳ እኩል ላይሆን ይችላል፤ እኔ በግራ ትልቁን፣ በቀኝ መካከለኛውን ነው የማደርገው።

መፈተኛው ቀላል ነው። በአንድ እጅ የጆሮህን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርገህ ኤርፎኑን አስገባ። ቤዝ ያለው ዘፈን ክፈትና ኤርፎኑን በጣትህ ቀስ ብለህ ጫን በል። ስትጫነው ቤዙ ከጨመረ አልተደፈነም ማለት ነው፤ ጎማ ቀይር። ካልተለወጠ ደህና ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ ካርቶኑ ላይ «ሱፐር ቤዝ»፣ «ኤክስትራ ቤዝ» የሚል ጽሑፍ አያታልላችሁ። ብዙ ጊዜ የሚጨምሩት ጥልቁን ቤዝ ሳይሆን ከእሱ ከፍ ያለውን ነው፤ ውጤቱ በርሜል ውስጥ የሚዘፍን ሰው ይመስላል። ጥሩ ኤርፎን በከበሮውና በቤዙ መካከል ያለውን ልዩነት ያሰማሃል። ከበሮው መትቶ ያቆማል፣ ቤዙ ይቀጥላል። የዘፋኙ ድምፅ አይሰምጥም፣ ጽናጽል መሳዩ ቀጭን ድምፅም ጆሮ አይወጋም። በተለይ የእኛ ሰዎች ለሚሠሩት ሙዚቃ ይህ ወሳኝ ነው። እነ እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብለው የሠሩትን ስሙ፤ ከኮምፒውተር ምቱ ጋር የባህል ዜማና የሙዚቃ መሣሪያችን ድምፅ ተጋብቷል። ቤዙ ሁሉን በሚውጥ ኤርፎን ግማሹ ይጠፋል። ሱቅ ስትሄዱ የምታውቁትን ዘፈን በስልካችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሻጩ በሚከፍትላችሁ ዘፈን አትፍረዱ፤ እሱ የሚያምርበትን ያውቃል።

ወደ ዋጋው እንምጣ። ውጭ አገር «መካከለኛ» የሚሉት ከ50 እስከ 100 ዶላር ያለውን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ የ50 ዶላሩ ዕቃ በስሌት ከ3,000 ብር በታች ነው። ዶላር 120 ብር ሲገባ ያው ዕቃ 6,000 ብር ሆነ፤ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ሳይጨመር ማለት ነው። ለአንድ የማጀቴ ልጅ ይህ መካከለኛ ዋጋ አይደለም፤ ከባድ ወጪ ነው። ደግነቱ ቻይናዎቹ ኬዜድና ሙንድሮፕን የመሳሰሉ አምራቾች ገበያውን ለውጠውታል። ዛሬ በ20 እና በ30 ዶላር የሚሸጥ ባለ ገመድ ኤርፎን ከጥቂት ዓመታት በፊት ብዙ ዶላር ይጠየቅበት የነበረውን ጥራት ይሰጣል። እኔም «መካከለኛ» ያልኩት እዚህ ላይ ነው።

ሽቦ አልባ፣ በእኛ አጠራር «ኤርፖድ» ለምን አልገዛህለትም ትሉኝ ይሆናል። አስቤበት ነበር። እንዲያውም ለእናቴ ስጋት መልስ የሚመስለው እሱ ነው፤ አንዳንዶቹ የውጭውን ድምፅ በማይክሮፎን ተቀብለው ወደ ጆሮ የሚያስገቡበት አሠራር አላቸው። ሦስት ነገር ከለከለኝ።

አንደኛ፣ መብራት። ሽቦ አልባው አንዴ ቻርጅ ተደርጎ ከአምስት እስከ ስምንት ሰዓት ቢሠራ ነው፤ መያዣው ሳጥን ራሱ ቻርጅ ይፈልጋል። መብራት ለቀናት በሚጠፋበት ቦታ ያለችው ፓወር ባንክ ለስልክ ትፈለጋለች። ባትሪው ሁለት ሦስት ዓመት አገልግሎ ሲደክም ደግሞ የሚቀይርልህ የለም።

ሁለተኛ፣ ኮፒ። የታወቀ ስም ያለው ሽቦ አልባ በብዛት ይኮረጃል። ራሴ አንድ ጊዜ «ኦርጅናል ነው፣ ካርቶኑ እንኳ አልተከፈተም» ተብዬ ገዝቼ ቤት ስደርስ ፎርጅድ ሆኖ አገኘሁት። በማስታወቂያው ያለው ድምፅ የማፈን ነገር ቁልፉ ብቻ ነበር፤ ብትነካውም ባትነካውም ያው ነው።

ሦስተኛ፣ ማይክሮፎን የውጭውን ቢያስገባም ከበሮው ጆሮህ ውስጥ እየደበደበ ከሆነ ከሩቅ የሚመጣውን ድምፅ ይሸፍነዋል። የእናቴን ስጋት አይመልስም።

ባለ ገመዱን ስመርጥ አንድ ነገር ላይ ግትር አልኩ፤ ገመዱ ከኤርፎኑ የሚነቀል መሆን አለበት። «አንድ ጎኑ ሞተ» የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ኤርፎኑ ሞቶ አይደለም፤ ሽቦው መሰኪያው አካባቢ ታጥፎ ተበጥሶ ነው። የሚነቀል ከሆነ ገመዱን ብቻ ቀይረህ ትቀጥላለህ። ስልኩ ክቡ የኤርፎን ቀዳዳ እንዳለውም አስቀድሜ ጠየቅኩት፤ አለው። አዲሶቹ ስልኮች ብዙዎቹ አውጥተውታልና ሳትጠይቁ እንዳትገዙ።

ስለ ፋይሉም ልናገር። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ፤ በክልላችንም የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋረጠ። ያኔ ሙዚቃ ከእጅ ወደ እጅ በሜሞሪ ይዞር ነበር። ለወንድሜ ስልክ ላይ የነበረው ዘፈን አሥር ጊዜ የተቀዳና የተጨመቀ ነው። እንዲህ ያለው ፋይል በጥሩ ኤርፎን ሲሰማ ጉድለቱ ይበልጥ ይጋለጣል። ስለዚህ ከኤርፎኑ ጋር በጥሩ ጥራት ያወረድኩትን ሙዚቃ ሜሞሪ ላይ ጭኜ አብሬ ላክሁ። ኤርፎን ገዝታችሁ ለሰው ስትልኩ ይህን አትርሱ።

አሁን ወደ እናቴ ልመለስ።

ቆላ ይፋት ያደገ ሰው ጆሮ ምን እንደሆነ ያውቃል። ማሽላ ሲያሸት ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍ ይዘው ወፍ ይጠብቃሉ። ወፉን ቀድሞ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ዓይን አይደለም፣ ጆሮ ነው። እኔም ጠብቄያለሁ። ማማ ላይ እንቅልፍ የወሰደው ልጅ ሲነሳ ግማሹ እሸት ተበልቷል። ዛሬ እናቴ የምትፈራው ወፍ አይደለም። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ማጀቴም ውጊያ ያየች ከተማ ናት። ተኩሱ ከየት አቅጣጫ እንደሆነ፣ ቀረበ ወይስ ራቀ የሚለውን ለይቶ ማወቅ አሁን የቤት ውስጥ እውቀት ሆኗል። በር ሲንኳኳ ማን እንደሆነ ከአንኳኳቱ ይለያል። እንዲህ ባለበት ቦታ ጆሮን መድፈን ቀላል ነገር አይደለም።

በሌላ በኩል፣ ጆሮን ከሙዚቃው ራሱ መጠበቅም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው ልክ በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ በ83 ላይ 20 ሰዓት፣ በ86 ላይ 10 ሰዓት እያለ ይወርዳል። 100 ዴሲቤል ከደረሰ በሳምንት ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ነው። ከአንድ ቢሊዮን በላይ ወጣቶች የመስማት አቅማቸውን ሊያጡ እንደሚችሉ ያው ድርጅት አስጠንቅቋል። ድምፅ የምንጨምረው ለምንድን ነው? ባጃጁ፣ ጀነሬተሩ፣ የአውቶቡሱ ሞተር ቤዙን ስለሚውጠው ነው። በደንብ የማይደፍን ኤርፎን ያደረገ ልጅ ቤዙን ፍለጋ እስከ ጥግ ይከፍታል። በደንብ የሚደፍን ያደረገው ግን ግማሽ ላይ ይበቃዋል። እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው፤ ለነገ የመስማት አቅሙ የሚበጀው ያው እናቴ የፈራችው ደፋኙ ኤርፎን ነው።

ደግሞስ ይህ ልጅ የት ሄዶ ይጨፍር? ይህ ሙዚቃ የተሠራው ብዙ ሰው ሌሊት አንድ ላይ ለሚጨፍርበት ነው። በደርግ ጊዜ እንኳ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ እነ ዋሊያስ ባንድ በሒልተን እየተጫወቱ፣ ሰው እስኪነጋ እዚያው ያድር ነበር። የማጀቴ ልጅ ሒልተን የለውም። ያለው ጭፈራ ቤት ሁለት ጆሮው መካከል ያለው ነው።

ስለዚህ ገዛሁለት። ከ3,000 ብር ትንሽ ከፍ ያለ፣ ባለ ገመድ፣ ገመዱ የሚነቀል፣ ሦስት ዓይነት ጎማ ያለው። ወደ ሸዋ ሮቢት ለሚሄድ ዘመድ ሰጠሁት። መንገድ እስኪከፈት ሁለት ሳምንት እዚያው ተቀመጠ። አብሬ አንድ ሕግ ላክሁለት፦ ከቤት ውጭ አንድ ጆሮ ብቻ፤ ሁለቱንም ጆሮ የምትደፍነው ቤት ውስጥ፣ ለእማዬ ነግረህ ነው።

ሲደርሰው ደወለ። «ወንድሜ፣ ያንን ዘፈን ስንት ዓመት ሰምቼው ከሥሩ ቤዝ እንዳለው አላውቅም ነበር» አለኝ። ድምፁን የት ላይ እንዳደረገው ጠየቅሁት። ከግማሽ በታች ነው።

ቀጥሎ እናቴ ስልኩን ተቀበለችው። «ሕጉን ይጠብቃል?» አልኳት።

«ይጠብቃል» አለችኝ። «ውጭ አንዱን ያወጣል። ማታ ሁለቱንም ሲደፍን ደግሞ ይነግረኛል። ያን ጊዜ እኔ ቁጭ ብዬ እሰማለታለሁ።»

ምን እንደምመልስላት ጠፍቶኝ ዝም አልኩ።

ደህና ኤርፎን በ3,000 ብር ይገኛል፤ እንዴት እንደሚመረጥም ከላይ ነግሬያችኋለሁ። አንድ ወጣት ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ እናቱ በር ላይ ዘብ ሳትቆምለት ሁለት ጆሮውን ደፍኖ ሙዚቃ የሚሰማበትን ሰላም ግን የትኛውም ሱቅ አይሸጠውም። እሱን መጠየቅ ያለብን ጠብመንጃ የያዙትን ሁሉ ነው።

መልካም ሰንበት።