የብርድ አገር ፀሐይ

አዲስ አበባን ከከበቧት ከተሞች ሦስቱን፣ ማለትም ሱሉልታን፣ ቡራዩንና ሰበታን፣ የፀሐይን ነገር እያሰብን እንዙራቸው።

የእንጦጦን ዳገት ጨርሶ ወደ ሱሉልታ ሜዳ የሚወርድ መንገደኛ መጀመሪያ ትዝ የሚለው ጋቢው ነው። በጥቅምትና በኅዳር ሣር የሚያጭዱት፣ ድርቆሽ የሚከምሩት እናቶች ጧት ጧት ተከናንበው ይታያሉ። ረፋዱ ላይ ሰውነት ሲሞቅ ግን ኩታው ይወልቅና ከክምሩ አጠገብ ይጣላል። ፊትና ማጅራት የሚቃጠለው ከዚያ ወዲህ ነው።

ብርዱ ያታልላል። ቆዳን የሚጎዳው ሙቀቱ ሳይሆን አልትራቫዮሌት የተባለው በዓይን የማይታይ ጨረር ሲሆን፣ እርሱም ከባሕር ወለል በላይ አንድ ሺህ ሜትር ከፍ በተባለ ቁጥር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሱሉልታ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። የድሬዳዋን ሰው ሙቀቱ ራሱ አስገድዶ ጥላ ሥር ያስገባዋል፤ የሱሉልታን ሰው ግን የሚያስገድደው የለም። ስስ ደመናም ቢሆን ጨረሩን አያግደውም።

በአምቦ መንገድ ቡራዩ ሲደረስ፣ በአሸዋ ሜዳ ጉሊት ጃንጥላው የተዘረጋው ለቲማቲሙ ነው፤ ባለቤቲቱ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። (ቲማቲሙ ከጠወለገ የዕለት ጉርሷ ነውና አይፈረድባትም።) በታዘለው ሕፃን ላይ ነጠላ ጣል ተደርጎበታል። ነጠላውን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ማየት ነው፤ ብርሃን ካሳለፈ ጨረሩንም ያሳልፋል። ደርቦ ማጠፍ ወጪ የለውም። ቅቤና ቫዝሊንም ቆዳ ያለሰልሳሉ እንጂ ፀሐይ አይከላከሉም።

እህቶቻችንን ይበልጥ የሚያማርራቸው ማድያት ነው። ብዙ ጊዜ በእርግዝና ወራት ጉንጭና ግንባር ላይ ይወጣል፤ ፀሐይ ታጠቁረዋለች። ከዚያ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፊት የሚያቀላ ቅባት ይገዛል። አንዳንዱ ሜርኩሪ፣ ሌላው ስቴሮይድ ያለበት ነው። ለጥቂት ሳምንታት ያስደስታል፤ ሲውል ሲያድር ስቴሮይዱ ቆዳ ያሳሳል፣ ብጉር ያወጣል፣ ሜርኩሪውም ኩላሊት ይጎዳል። ፀሐዩን ሳይከላከሉ ማድያትን ማከም በቀዳዳ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው።

ወደ ሰበታ የሚወስደው የጅማ መንገድ በአለርት ሆስፒታል በኩል ያልፋል። በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመው ይህ ሆስፒታል ሌላውንም የቆዳ ሕመም ያክማል። እዚህ ላይ ነገሩ ከመልክ ያልፋል። አልቢኒዝም ያለባቸው፣ ማለትም የቆዳ ቀለም አንሷቸው የሚወለዱ ልጆች፣ ለቆዳ ካንሰር እጅግ የተጋለጡ ናቸው። ኃይሉ 30ና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ቅባት በየሁለት ሰዓቱ መቀባት ለእነርሱ መድኃኒት እንጂ ቅንጦት አይደለም፤ ዋጋው ግን ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነው። እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስና ክንፉ ሰፊ የሆነ ባርኔጣ ከዚያ ይቀላል። ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ደግሞ ጥላ ነው። ሰዓት የሌለው ልጅ መሬት ላይ የወደቀ ጥላውን ይመልከት፤ ከቁመቱ ካጠረ ኳሱን ትቶ ዛፍ ሥር ይግባ። እናቱም ይህንኑ ለስፖርት መምህሩ አስቀድማ ብትነግረው፣ ልጁ ሰነፍ ተብሎ ከመቆጣት ይድናል።