እትዬ ወደቁ

አዎ፣ ወደቁ። ቪዲዮውን በቴሌግራም የላካችሁልኝ አሥራ አንድ ሰዎች፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ አይቼዋለሁ። እዚያው ነበርኩ።

እትዬ ሞተር ሳይክሌ ናቸው፤ ታሪካቸውን የማታውቁ አዲስ ገቢዎች ወደ ታች ወርዳችሁ የመጋቢቱን ፖስት አንብቡ። ዛሬ ከ«ሀ» ለመጀመር አቅም የለኝም፤ ግራ ጉልበቴ ላይ በረዶ አስሬ ነው የምጽፈው።

ቅዳሴ አልቋል። ክርስትና ስለነበረ ሕዝቡ ከወትሮው እጥፍ ነው፤ ነጭ በነጭ ለብሶ በረንዳው ላይ ይሳሳማል። እኔ ነጠላዬን አጥፌ ጃኬቴ ውስጥ ከትቼ፣ እትዬን አስነሥቼ፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት ወደ ፓርኪንጉ መውጫ እየዞርኩ ነው። ትንሽ ጉራ እንደነበረብኝ አልክድም፤ ነዳጅ አንዴ ያለ ምክንያት ሰጥቻለሁ። ከሁለት መኪኖች መካከል ድክ ድክ የሚል ሕፃን የክርስትና ዳቦውን ይዞ ብቅ አለ። መሪዬ ወደ ግራ ዞሯል። ቀኝ እጄ የፊት ፍሬኑን ጨበጠ። አለቀ። እትዬ እንደ ትልቅ ሰው፣ ሳይቸኩሉ፣ በክብር በግራ ጎናቸው ጋደም አሉ። እኔም አብሬ።

ሕፃኑ ዳቦውን እየገመጠ ቆሞ አየን።

መጀመሪያ የደረሱልኝ አንዲት እናት ናቸው። «ልጄ፣ ተርፈሃል?»

«ደህና ነኝ እማማ፤ የቆምኩ ያህል ነበርኩ እኮ፣ ሳልሄድ ነው የወደቅኩት።»

ከእትዬ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እትዬ አዩና «ሳትሄድ እንዲህ ከሆንክ ስትሄድማ ምን ልትሆን ነው?» አሉኝ። እስካሁን መልስ እየፈለግኩ ነው።

ቀጥሎ ወንዶቹ ደረሱ። እትዬ መሬት ላይ ተዘርረው፣ እኔ አንድ እግሬን ከሥራቸው እየጎተትኩ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ስንት ሲሲ ነው?»

1868። ለሁላችሁም አንዴ ልመልስና ልገላገል። የሃርሊ ዴቪድሰን ፋት ቦይ 114፣ የ2018 ምርት (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው፣ የአባዬ ሲቀር)። አዎ፣ አርኖልድ በ1991 «ተርሚኔተር 2» ላይ የነዳው ፋት ቦይ ነው፤ የእሱ ግን የድሮው 1340 ሲሲ ነበር። የእኔዋ 114 የሚለው በኩቢክ ኢንች ሲለካ ነው፤ በኛ ቋንቋ 1868 ሲሲ። ያውም በሁለት ሲሊንደር ብቻ! አንዱ ሲሊንደር ለብቻው 934 ሲሲ ማለት ነው። አገር ቤት አምስት ሰውና አንድ በግ ጭና ዳገት የምትወጣው ቪትዝ ጠቅላላ ሞተሯ ብዙ ጊዜ ከ1000 አያልፍም። የእትዬ አንድ ፒስተን ከዳር እስከ ዳር 102 ሚሊ ሜትር ነው፣ መዳፍ ይሞላል፤ ወጥቶ የሚወርደው ደግሞ 114 ሚሊ ሜትር። እንዲህ ረጅም መንገድ የሚመላለስ ፒስተን መሮጥ አይወድም፣ መግፋት ነው የሚወደው። ወደ 160 ኒውተን ሜትር የሚጠጋውን ጉልበቱን በደቂቃ 3000 ዙር ላይ አውጥቶ ይሰጣችኋል፤ የእሽቅድምድም ሞተር በዚያ ዙር ገና ከእንቅልፉ አልነቃም። ለረጅም ዘመን የአሜሪካው ዝርዝር ወረቀታቸው ላይ የፈረስ ጉልበት የሚባል ነገር አልነበረም። ትልቅ ሰው ዕድሜው አይጠየቅም፣ እትዬም ፈረሳቸው አይቆጠርም።

ድምፁንም ልጨርሰው። ሁለቱ ሲሊንደሮች በ45 ዲግሪ ተጋድመው ቆመዋል፤ ሁለቱ ቢየላዎች ክራንክ ሻፍቱ ላይ አንዲት ፒን ይጋራሉ። በዚህ የተነሣ ተኩሱ እኩል አይሄድም፦ አንዱ ሲተኩስ ሌላው በ315 ዲግሪ ይከተለዋል፣ ከዚያ 405 ዲግሪ ዝም። ደግሞ ይጀምራል። ፈረንጆቹ «ፖቴቶ፣ ፖቴቶ» ይላል ይላሉ። ድንች! እኔ የምሰማው ከበሮ ነው። ለንስሐ አባቴ ይህንኑ ባስረዳቸው «ከበሮ ታቦት ያጅባል፤ ያንተው ምን ያጅባል?» አሉኝ። ኩባንያው ይህን ድምፅ በ1994 እንደ ንግድ ምልክት ላስመዝግበው ብሎ አመልክቶ ነበር። ተፎካካሪዎቹ ተነሡበት፣ ነገሩ ተጓተተ፣ በ2000 ትቶት ወጣ።

የሚገርመው ግን ይህ ሁሉ ውበት ከጉድለት የመጣ መሆኑ ነው። ሁለት ሲሊንደር በ90 ዲግሪ ቢቆሙ አንዱ የሌላውን መንቀጥቀጥ ይሽርለታል፤ ዱካቲዎች እንደሚያደርጉት። ሃርሊዎች የመጀመሪያዋን ባለ ሁለት ሲሊንደር በ1909 ሲያወጡ 45 አደረጓት፣ ጠባቡ ፍሬም ውስጥ ገባችላቸው፣ ከዚያ ወዲህ ማን ይንካት! አሁን በእትዬ ሆድ ውስጥ መንቀጥቀጡን የሚያስታግሡ ሁለት ሚዛን ጠባቂ ዘንጎች ይሽከረከራሉ። ለረጅም ጉዞ በሚሠሯቸው ታላላቆቹ ላይ ደግሞ ዘንጉ አንድ ብቻ ነው፤ ከመንቀጥቀጡ ሩብ ያህሉን ሆን ብለው ትተውለታል። በሽታውን ማዳን እየቻሉ ደንበኛው እንዳይከፋው ትንሽ ያስቀሩለት ሐኪሞች!

ወደ ክብደቱ። ከነነዳጃቸው 317 ኪሎ። ሦስት ኩንታል ጤፍ ከአሥራ ሰባት ኪሎ ማለት ነው፣ ያውም ማዳበሪያው እጀታ የሌለው። ይህን ክብደት ሲሄዱ አታዩትም፤ መቀመጫው ከመሬት 67 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፣ ብረቱ ሁሉ ወደ ታች ተከማችቷል። በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እትዬ ላባ ናቸው፤ ግራ እጀታውን በጣት ገፋ ታደርጉታላችሁ፣ ወደ ግራ ይሄዱላችኋል። ጉዱ የሚወጣው ስትቆሙ ነው። የፊት ሹካው በ30 ዲግሪ ተዘርግቶ ወደፊት ወጥቷል፣ ከጎማ እስከ ጎማ 1665 ሚሊ ሜትር ነው፣ የኋላ ጎማው ብቻ 240 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ለቀጥታ አውራ ጎዳና የተሠራ አካል ነው። በእግር እርምጃ ፍጥነት መሪውን ስታዞሩት የፊት ጎማው ራሱ ወደ ዞረበት መውደቅ ይጀምራል። እዚያ ላይ የፊት ፍሬን የነካ ሰው እንደኔ ጉልበቱ ላይ በረዶ ያስራል። በዝግታ የኋላ ፍሬን ብቻ፣ ፍሪሲዮን ግማሽ ይዞ፣ ዓይን ሩቅ። አውቀዋለሁ። ለሰው አስተምሬዋለሁ። ከናንተ መካከል ለሁለታችሁ፣ በዚሁ ፓርኪንግ።

«ይህን የብረት ክምር ሽጥና ሆንዳ ግዛ» ያልከኝ ወንድሜ፣ ስምህን አልጠራም። ለመሆኑ «ከባድ» የሚባለው ሞተር ሳይክል በአሜሪካ መንግሥት ዘንድ በኪሎ እንዳልተለካ ታውቃለህ? በ1983 ሃርሊ ሊከስር ሲል ሬገን ከ700 ሲሲ በላይ ለሆነ የውጭ ሞተር ሳይክል ተጨማሪ 45 በመቶ ቀረጥ ጣሉበት። ጃፓኖቹ ምን አደረጉ? ባለ 750ውን ሞተር ትንሽ አጥብበው ከ700 በታች አወረዱትና ጉምሩኩን «ቀላል ነን» ብለው ገቡ። ከደላላ ጋር ያደጉ ነው የሚመስሉት። ሃርሊም ኋላ ራሱ በ1987፣ ቀረጡ ሳያልቅ፣ «ይበቃኛል፣ አንሡልኝ» አለ።

ይህን ሁሉ የምዘላብደው ስለ ስፖኪዮው ላለማውራት ነው።

ግራ ስፖኪዮው ተሰበረ። ሌላው ደህና ነው፤ የእግር መርገጫው ጠርዝ ተላጠ፣ የእጀታው ጫፍ ተቧጠጠ፣ ይኸው ነው። ስፖኪዮው ግን ከአንገቱ ተቀንጥሶ አስፋልቱ ላይ ሰማይ እያሳየ ተኝቷል። ሳየው የመጣብኝ የእትዬ ዋጋ አይደለም። አባዬ ነው የመጣብኝ።

አባዬ የግብርና ሠራተኛ ነበር፣ ጎጃም። መሥሪያ ቤቱን አልጠራም። በ1984 አንዲት ያማሃ ኤጂ 100 ሰጡት፤ ሁለት ስትሮክ፣ ሰማያዊ ጭስ እየተፋች የምትሄድ፣ ክብደቷ ከአንድ ኩንታል እምብዛም የማይዘል። ከፊቱ ታንኩ ላይ ያስቀምጠኝና የመሪውን መሃል እይዛለሁ፤ ጋቢው ሁልጊዜ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። ክረምት ላይ ዋልካው በጎማውና በጭቃ መከላከያው መካከል እየተጠቀጠቀ ጎማውን ያስረዋል። አባዬ ይወርዳል፣ ሱሪውን ይሰበስባል፣ በእንጨት እየጎረጎረ ጭቃውን ያወጣል፣ አሥር እርምጃ እንሄዳለን፣ ደግሞ ይወርዳል። ስንወድቅ እኔን በአንድ እጁ፣ ያማሃዋን በሌላው ያነሣል። የምሬን ነው፤ በአንድ እጅ። ለእኔ ሞተር ማለት በአንድ እጅ የሚነሣ ነገር ነበር።

በ1990 ግድም ገበያ ዳር ካቆማት ቦታ አንዲት በቅሎ ደንብራ ግራ ስፖኪዮዋን በእርግጫ ወሰደችው። አባዬ በዚያው ሳምንት በደብዳቤ አሳወቀ። ምላሽ የለም። ዓመታት ሄዱ። በ2003 ጡረታ ሲወጣ ክሊራንስ ያስፈልጋል፤ ንብረት ክፍል ሄደ። ንብረት ክፍሉ አባዬ ያማሃዋን የተረከበበትን ሞዴል 22 አወጣ። እንዴት እንዳላበላሹት አይገባኝም፤ ሌላው ፋይል ሁሉ አይጥ በልቶት ያቺ ወረቀት ደህና ነበረች። «ስፖኪዮ፦ 2» ይላል በእስክሪብቶ። «አንዱ የታለ?»

ያማሃዋ በዚያን ጊዜ ሞተሯ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፏታል። ከመጋዘኑ ጀርባ ቆማ ዶሮ መቀመጫዋ ላይ እንቁላል ትጥላለች። ጎማ የላትም፣ ካንዴላዋን አንዱ ወስዶታል። ግን ስፖኪዮ ሁለት መሆን አለበት። አባዬ ደብዳቤውን ጠቀሰ፤ «ግልባጩን አምጣ» ተባለ። ግልባጩ እነሱ ጋ ነው። ሄዶ ከገበያ በራሱ ገንዘብ ስፖኪዮ ገዝቶ አመጣ። የንብረት ክፍሉ ሰው አገላብጦ አየውና «ኦርጅናል አይደለም» አለው።

ኦርጅናል! ለዶሮዋ!

ጡረታው አራት ወር ቆየ። በመጨረሻ ሂሳቡን አሰልተው ቆረጡበት፤ ያመጣውንም ስፖኪዮ አልመለሱለትም። አባዬ በሕይወቱ ተቆጥቶ አያውቅም፣ ያኔም አልተቆጣም። አንድ ነገር ብቻ አደረገ፦ ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ሰው፣ እኔም፣ እህቴም፣ የጎረቤት ልጅም፣ ምንም ነገር ሲገዛ «የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ጀመረ። ብስክሌት፣ ሞባይል፣ ጃኬት። «የማን ነው?»

ምን ላይ ነበርን? እትዬን ማንሣት። ወንዶቹ መሪውን ይዘው በክንዳቸው ሊጎትቷቸው ሲሉ አስቆምኳቸው። በክንድ ከሆነ ወገብ ትሰጣላችሁ። ጀርባን መቀመጫው ላይ አስደግፎ፣ አንዱን እጅ እጀታው ላይ፣ ሌላውን ከኋላ ፍሬሙ ላይ፣ ጉልበት አጥፎ፣ በትንንሽ እርምጃ ወደ ኋላ መሄድ ነው። እግር ነው የሚያነሣው። አንድ ሰው ይበቃዋል። እኔ ግን በሁለት ሰው ነው ያነሣሁት፣ ጉልበቴ አልታዘዘልኝም፤ እትዬ ሲነሡ ወንዶቹ ሁሉ አጨበጨቡ፣ አንዲት ሴት እልል አለች፣ ክርስትናው የእትዬ መሰለ።

ያን ጊዜ ታንካቸው ላይ ያለችውን መስኮት አየሁ። «ቲፕ» ትላለች። እውነቴን ነው፤ ሲወድቁ የሚያውቅ መሣሪያ አላቸው፣ ሞተሩን ያጠፋና ይህን ጽፎ ይጠብቃል፤ ቁልፉን አጥፍታችሁ እስክታበሩ አይነሣም። ከጎኔ የቆመው ልጅ ኡበር ነው የሚሠራው፤ አንብቦ «በዚህ አገር የወደቀም ቲፕ ይጠይቃል?» አለ። ጉልበቴ እስኪያመኝ ሳቅሁ።

ቤት ገብቼ ብዙ ሳልቆይ ስልክ ተደወለ። ቪዲዮው እህቴ ጋ ደርሷል ማለት ነው። አባዬ ነው።

«ተርፈሃል?»

«ደህና ነኝ አባዬ።»

«ስንት ኪሎ ነው?»

«317።»

ዝም አለ። ኩንታል እያሰላ ነው። «በአንድ እጅ አይነሣም» አለ።

«አይነሣም።»

«መስታወቱ ሲሰበር አይቻለሁ። የግራው።»

«አዎ።»

«የማን ነው?»

«የራሴ ነው አባዬ። ከፍዬ ጨርሻለሁ። ወረቀቱም በስሜ ነው።»

«ስፖኪዮውም?»

«ስፖኪዮውም።»

«በል ተወው እንግዲያ» አለኝ። ስልኩን ለእህቴ ሰጣት።