ከእናቴ እኩል

እናቴ በሃምሳ ሦስት ዓመቷ የወር አበባዋ ሲቋረጥ ቡና ላይ ለጎረቤቶቿ «እፎይ፣ ተገላገልኩ» አለች። በዚያው ዓመት የእኔም ቀረ። ዕድሜዬ 34 ነበር፤ ለማን ይነገራል?

መጀመሪያማ ያረገዝኩ መስሎኝ ነበር። ምርመራው ግን «የለም» አለ። አንድ ክሊኒክ «ጭንቀት ነው፣ ዕረፍት አድርጊ» ብሎ ሸኘኝ። (በጽሑፍ ለምትተዳደር ሰው ዕረፍት ማለት ሥራ ማጣት መሆኑን ማን በነገራቸው!) ከዚያ ሙቀቱ መጣ። በሐምሌ ብርድ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ከደረቴ ተነሥቶ እስከ ፀጉሬ ሥር የሚወጣ እሳት። አንድ እሑድ እኔና እናቴ እኩል ነጠላችንን ገፈን ማራገብ ያዝን። ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ሳቅሁ፤ እሷ አልሳቀችም።

ጎትታ ሐኪም ዘንድ የወሰደችኝም እሷው ነች። በወር ልዩነት ሁለት ጊዜ ደም ሰጠሁ። ሐኪሟ እንዳስረዳችኝ፣ ኤፍ.ኤስ.ኤች. የሚባለው ሆርሞን አንጎል ሥር ካለች ትንሽ እጢ እየመነጨ ኦቫሪን «እንቁላል አድርሺ» እያለ የሚቀሰቅስ ነው። ኦቫሪ አልሰማ ስትል ጥሪው ይበረታል። የእኔም ያረጠች ሴት ያህል በርትቶ ተገኘ።

«ታዲያ አረጥኩ ማለት ነው?» አልኳት።

«አይደለም» አለችኝ። ያረጠች ሴት አብቅታለች። ከ40 ዓመት በፊት የደከመ ኦቫሪ ግን አንዳንዴ ማንም ሳይጠብቀው ይነቃል። እንደኔ ካሉት ሴቶች ከመቶ ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ያለ ሕክምና ያረግዛሉ። ማንኛዋ፣ መቼ እንደሆነ አስቀድሞ መናገር አይቻልም፤ በእርግጠኝነት የሚያነቃ መድኃኒትም የለም። የታዘዘልኝ ሆርሞን ለአጥንቴና ለልቤ ነው። «ልጅ የማትፈልጊ ከሆነ ግን መከላከያ ያስፈልግሻል» ስትለኝ ባለቤቴና እኔ ተያየን። አምስት ዓመት ልጅ ስንፈልግ የኖርን ሰዎች ነን።

ከዚያ ወዲህ የከበደኝ «አይሆንም» የሚለው ቃል አይደለም፤ እሱማ ቢሆን አልቅሼ እወጣለት ነበር። የከበደኝ ከመቶ አምስቱ ናት። በእሷ ምክንያት ጉዲፈቻ እናንሣ ያልን ቀን ሁሉ አንዳችን «ትንሽ እንጠብቅ» እንላለን። አክስቴ ደግሞ ባገኘችኝ ቁጥር ሣራን ታስታውሰኛለች። ሣራ እኮ ሳቀች እንጂ በየወሩ ቀን ስትቆጥር አልተጻፈም።

ባለፈው ሚያዝያ፣ በአሥራ አራተኛው ወር፣ መጣ። ሁለት ቀን ቆይቶ ሄደ። ለባለቤቴ ከመንገሬ በፊት እናቴ ቤት ሮጥኩ። ምንም አላለችም። ከቁም ሳጥኗ ሥር ሳትጨርሰው የቀረውን ሞዴስ አውጥታ በፌስታል ጠቀለለችልኝ።

«እኔ አልፈልገውም፤ ያዢው» አለችኝ።

ይኸው እስካሁን አልጋዬ ሥር አለ። ከፓኮው የጎደለው ሁለት ብቻ ነው።