ምስክሩ ምን አየ?



የልጆች የክትባት ካርድና የቤት ውል በምታስቀምጡበት መሳቢያ ውስጥ አንዲት የላቦራቶሪ ወረቀት ሳትኖር አትቀርም። «ዊዳል» እና «ዌል ፌሊክስ» የሚሉ ቃላት፣ ከጎናቸውም 1:80 ወይም 1:160 የሚሉ ቁጥሮች ሰፍረውባታል። በዚያች ወረቀት ምክንያት «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» ተብላችሁ መድኃኒት ገዝታችኋል። ምናልባትም ሌላ ክሊኒክ ገብታችሁ «ምንም የለም» ተብላችሁ ወጥታችኋል። ያን ጊዜ የትኛውን አመናችሁ? ብዙዎቻችን የምናምነው ወይ ብዙ የከፈልንበትን ወይ የፈራነውን ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ኪታብ የማስቀራ ሰው ነኝ። ይህን ለመጻፍ ያነሳሳኝ ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር የመጀመሪያዋ ልጄ መታመሟ ነው። የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ሦስት ቀን ሙሉ ራሷን እየፈለጣት፣ እያንቀጠቀጣትና እያተኮሳት ቆየች። እዚሁ ደሴ ከሚገኝ አንድ ክሊኒክ ወሰድናት። ጣቷን ወግተው ወባ መረመሩና «አልታየም» አሉን። ዊዳሉ ግን 1:160 ሆነ፤ ዌል ፌሊክሱም ፖዘቲቭ ነው ተባለ። እናቷ ልቧ አልረጋ ስላላት በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሌላ ክሊኒክ ወሰደቻት። እዚያ ደግሞ ሁለቱም ኔጌቲቭ ሆኑ። አንድ ቀን፣ አንድ ደም፣ ሁለት ወረቀት።

ማታ ቤታችን ሸንጎ ሆነ። አማቼ በወጣትነታቸው በወሎ ሐሪማዎች ሲቀሩ ያደጉ ሰው ናቸው። ሁለቱን ወረቀቶች አስነብበው ሲያበቁ፣ «ኡሱል ቀርተህ የለም ወይ? ‹አለ› የሚለው ‹የለም› ከሚለው ይቀደማል። መድኃኒቱን ጀምርላት» አሉኝ። ደንቡስ እውነት ነው። በኡሱሉል ፊቅህ «አል-ሙስቢቱ ሙቀደሙን ዓለን-ናፊ» ይባላል፤ ይኸውም መኖሩን የሚያረጋግጠው ሰው፣ የለም ባዩ ያልደረሰበት ተጨማሪ ዕውቀት አለውና ቃሉ ቅድሚያ ያገኛል ማለት ነው። እኔም፣ «አባባ፣ ልክ ብለዋል። ግን ይህ ‹አለ› ያለው ምስክር ምን አይቶ ነው?» አልኋቸው። አማቼ ጢማቸውን እየዳሰሱ ዝም አሉ። ሲሟገቱ ዝም የሚሉት ጥያቄውን ሲወዱት ነው።

እንግዲህ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የዊዳል ምርመራ የታይፎይድን ጀርም አያይም። ምርመራውን ፈርናንድ ቪዳል የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በ1896 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ሲሆን፣ ስሙ እኛ ዘንድ ሲደርስ «ዊዳል» ሆኖ ቀረ። ሰውነታችን ጀርም ሲገባበት የሚያዘጋጀው መከላከያ አለ፤ ፀረ እንግዳ አካል ይሉታል። ከላቦራቶሪው ዕቃ ጋር የሚመጣው የሞተ የታይፎይድ ጀርም ከታማሚው ደም ፈሳሽ ጋር ይቀላቀላል። መከላከያው በደሙ ውስጥ ካለ ጀርሞቹ ይሰባሰቡና እንደ አሸዋ ፍንጥቅጣቂ ሆነው በዓይን ይታያሉ። 1:160 ማለትም የደሙ ፈሳሽ ከ160 እጅ አንድ እጅ እስኪሆን ቀጥኖ እንኳ ይህን ማድረግ ቻለ ማለት ነው። ስለዚህ ይህ ምስክር ያየው ሌባውን ሳይሆን ኮቴውን ነው። ኮቴው የዛሬ ይሁን የአምና አይነግረንም። ከዓመት በፊት በታይፎይድ የታመመ፣ የታይፎይድ ክትባት የወሰደ፣ በሌላ የሳልሞኔላ ዘር የተያዘ፣ ሌላው ቀርቶ ወባ የያዘው ሰው ደም ያንኑ ምልክት ሊያሳይ ይችላል።

ዌል ፌሊክስ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። በ1916 እ.ኤ.አ. የተገኘው ይህ ምርመራ የታይፈሱን ጀርም ጭራሽ አይጠቀምም። ፕሮቲየስ የተባለ ሌላ ባክቴሪያ በአጋጣሚ ከታይፈሱ ጀርም ጋር የሚመሳሰል ነገር ስላለው፣ እርሱን ተተኪ አድርጎ ይጠይቃል። ፕሮቲየስ የሽንት ቧንቧን የሚያሳምም ባክቴሪያ ስለሆነ፣ የሽንት ሕመም ያለበት ሰውም ያለ አንዳች ቅማል «ተስቦ ይዞታል» ሊባል ይችላል። የስሙም መመሳሰል እንዳያደናግራችሁ። ታይፎይድ ማለት «ታይፈስ መሰል» ማለት ነው እንጂ ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ አንዱ በምግብና በውሃ፣ ሌላው በቅማል ይተላለፋል። በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ስለተጻፉ መንትዮች አድርገን ወስደናቸዋል።

ታዲያ ሁለት ክሊኒኮች በአንድ ቀን እንዴት ተለያዩ? ሁለት ማስረጃዎች ሲጋጩ በኪታቡ ሥርዓት አስቀድመን አንዱን ውሸታም አንልም፤ ሁለቱም እውነት የሚሆኑበትን መንገድ እንፈልጋለን። እዚህም መንገዱ አለ። አንዱ በመስታወት ላይ ጠብታ አድርጎ በደቂቃ የሚያነብ ሲሆን፣ ሌላው በቱቦ አድርጎ ለሰዓታት የሚያቆይ ሊሆን ይችላል። የመመርመሪያው ዕቃ ፋብሪካውም ይለያያል። አንዱ ከ1:80 ጀምሮ ፖዘቲቭ ሲል፣ ሌላው 1:160 ካልደረሰ አይልም። ንባቡ በዓይን ነው፤ ጠብታው ከተገቢው ጊዜ በላይ ቆይቶ ከደረቀ የተሰባሰበ ይመስላል። ባለሙያዎቹ ሁለቱም ያዩትን ተናግረው ይሆናል። እኔ የምወቅሰው ቁጥሩን ብቻ ይዞ፣ ልጅቷን ሳይጠይቅ መድኃኒት የሚጽፈውን ነው።

ለደረሶቼ በጥቁር ሰሌዳ ያሳየኋቸውን ስሌት ለእናንተም ላሳያችሁ፤ ለምሳሌ ያህል እንጂ የተመዘገበ አኃዝ አይደለም። ትኩሳት ካለባቸው 100 ሰዎች ታይፎይድ የያዛቸው 5 ናቸው እንበል። ምርመራው ከ5ቱ 4ቱን ያዘ። ከቀሩት 95 ሰዎች ደግሞ በአሮጌ ኮቴና በመመሳሰል ምክንያት 19ኙን «ፖዘቲቭ» አለ። እንግዲህ 23 ሰዎች ወረቀት ይዘው ወጡ፤ በሽታው ያለባቸው ግን 4 ብቻ ናቸው። 19ኙ የማይፈልጉትን መድኃኒት ይውጣሉ። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ እውነተኛው በሽታቸው ሳይታከም መቆየቱ ነው።

ልጄ ላይ የደረሰው ይኸው ሊሆን ነበር። በማግሥቱ ሆስፒታል ያገኘነው ሐኪም ወረቀቶቹን ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ ደፋቸውና ወደ እሷ ዞረ። ከሁለት ሳምንት በፊት የት ነበርሽ አላት። ለአክስቷ ኒካህ ባቲ ሄዳ አራት ሌሊት አድራ ነበር። ባቲ ከደሴ በጣም ዝቅ ያለ የወባ አገር ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኛ መመዝገቡን ያስታወሰ ሰው ይህን ጥያቄ አይዘልም። «ትናንት ወባ ተመርምራ አልታየም ተብለናል» አልሁት። «ኡስታዝ፣ ‹አልታየም› ነው የተባሉት፤ ‹የለም› አልተባሉም። ተውሳኩ በደሟ ውስጥ ጥቂት ከሆነ ሊያመልጥ ይችላል፤ ይደገማል» አለኝ። ተደገመና ቪቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ተገኘ። ክሎሮኪን ለ3 ቀን፣ ፕሪማኪን ለ14 ቀን ታዘዘላት። አልሐምዱሊላህ፣ ከሳምንት በኋላ ትምህርቷን ቀጠለች።

አማቼ ይህን ሲሰሙ፣ «ይኸው! ‹አለ› ያለው ቀደመ አላልሁም?» ብለው ሳቁ። ልክ ናቸው። በማይክሮስኮፕ የተገኘው ወባ ሌባው ራሱ ሲታይ እንጂ ኮቴው አይደለም።

ነገር ግን ይህን አንብባችሁ «ታይፎይድ የሚባል ነገር የለም» እንዳትሉ። የአንጀት ተስቦ በደንብ ያልታከመ እንደሆነ አንጀት በስቶ የሚገድል በሽታ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት መከላከያው ገና ስላልተዘጋጀ ዊዳሉ ኔጌቲቭ ሊሆን ይችላልና፣ ኔጌቲቭ ወረቀትም ብቻውን ነጻ አያወጣም። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ ከ7 እስከ 14 ቀን ቆይቶ ደሙ በዚያው ላቦራቶሪ ቢደገምና ቁጥሩ በአራት እጥፍ ቢያድግ፣ ለምሳሌ ከ1:80 ወደ 1:320 ቢደርስ፣ ኮቴው ትኩስ ነው ለማለት ይቻላል። ጀርሙን ራሱን የሚያሳየው ግን የደም ካልቸር ነው። ደሙ በርከት ተደርጎ ይወሰድና ጀርሙ እስኪያድግ ቀናት ይጠበቃል። እርሱም ቢሆን ሁሉንም አይዝም፤ በተለይም ታማሚው አስቀድሞ አንቲባዮቲክ ከዋጠ ጀርሙ ይደበቅበታል።

ባለፈው ሰሞን የአንድ ደረሳዬ እናት 1:160 የሚል ወረቀት ይዘው ከመድረሳው በር ቆመው ጠበቁኝ። ልጁ ስድስተኛ ቀኑ ነው አሉኝ። ወረቀቱን አይቼ የምለው አልነበረኝም። «ሐኪም ዘንድ ሳይቀርብ የዋጠው መድኃኒት አለ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ከፋርማሲ ያመጣሁለትን ሲፕሮ ሁለት ቀን ወስዷል። ለክሊኒኩ አልተናገርሁም፣ ማንም አልጠየቀኝም» አሉ። ሆስፒታል ሲሄዱ ከወረቀቱ ይልቅ የመድኃኒቱን ልጣጭ እንዲያስቀድሙ፣ ትኩሳቱ የጀመረበትንም ቀን እንዲናገሩ ነገርኋቸው። ልጣጩን ከነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሄዱ።