መሪው ሲነጥቅ፦ የመሪ አሞርዛተር ከመግዛታችሁ በፊት

በደቡብ ጎንደር ደጋ ሞተር የሚነዳ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፤ መሪ ይነጥቃል። ድንጋይ የፊት ጎማውን በጎን ሲመታው መሪው በድንገት ወደ አንድ ወገን ይዞራል። እጅ ከተዘናጋ ገደሉ ቅርብ ነው። ከደብረ ታቦር ወደ እስቴ፣ ወደ ስማዳ፣ ወደ ጋይንት ቀበሌዎች የሚወጡ የጤና፣ የግብርናና የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞች ቀኑን ሙሉ ሲታገሉት የሚውሉት ይህንን ነው። ከወረታ ወደ ወልድያ የሚወስደው ዋናው መንገድ አስፋልት ነው፤ መከራው የሚጀምረው ከእሱ ተገንጥሎ ወደ ቀበሌ ሲገባ ነው።

አሁን ደግሞ በየስልካችን የሚዞሩ ቪዲዮዎች መድኃኒቱን እያሳዩን ነው፤ የመሪ አሞርዛተር። አንድ የጤና ባለሙያ ወዳጄ አሜሪካ ያለው ወንድሙ ለበዓል ሊመጣ ነው። «ጋሼ፣ ሻንጣው ላይ ቦታ አለ፤ የትኛውን ልዘዘው?» ብሎ ጠየቀኝ። ብዙዎቻችሁ ይህንኑ ስለምትጠይቁ ለእሱ ያልኩትን እዚህ ልጻፈው።

መልሴ አጭር ነው። የመሪ አሞርዛተር ጤነኛ ሞተርን ያግዛል፤ የታመመውን ግን አያድንም። እንዲያውም ሕመሙን ይደብቃል።

ዕቃው ምን እንደሚሠራ ከገባን ቀሪው ቀላል ነው። የባንክ ቤት በር አናት ላይ በሩ ተወርውሮ እንዳይላተም የምትይዘውን ዕቃ አስቡ። ውስጧ ዘይት አለ፤ በሩ ሲንቀሳቀስ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ ለማለፍ ይገደዳል። የመሪ አሞርዛተርም እንደዚሁ ነው። መሪውን ቀስ ብላችሁ ስታዞሩ ዘይቱ ያልፋል፤ ድንጋይ በድንገት ሲመታው ግን ቀዳዳው ስለሚጠበው መሪውን ይይዘዋል። አንዱ ዓይነት እንደ ጎማ መንፊያ ቀጥ ያለ ዘንግ ነው፤ ሆንዳ በ2008 እ.ኤ.አ. ሞዴል ሲአርኤፍ 450 ላይ ከፋብሪካው ገጥሞ ያወጣው ይህን ነው። ሌላው መሪው መሐል ላይ የሚቀመጥ ክብ ነው፤ ስኮትስና ጂፒአር በዚህ ይታወቃሉ። በድሮዎቹ የእንግሊዝ ሞተሮች ላይ ደግሞ ዘይት የሌለው፣ በእጅ እየጠበቀ በሰበቃ ብቻ መሪውን የሚይዝ ነበር። ሐሳቡ አዲስ አይደለም ማለት ነው።

ዋጋው ግን አዲስ ነው። ጥሩ የሚባለው ክቡ ዓይነት ከነማሰሪያው ከ400 ዶላር በላይ ነው። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላር የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። በ120 ብር እንኳ ብናስበው 48,000 ብር ነው። የአንድ ጤና ባለሙያ የወራት ደመወዝ ማለት ነው።

ስለዚህ ብሩን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ሞተሩን ከሥሩ ደግፋችሁ የፊት ጎማውን ከመሬት አንሱ። መሪውን በሁለት ጣት ይዛችሁ ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብላችሁ አዙሩት። መሐል ላይ ሲደርስ ቀጭ ብሎ የሚገባበት ቦታ ካለ የመሪው ኩሽኔታ ተበልቷል። ቀጥሎ የፊት አሞርዛተሮቹን ከታች ይዛችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቅንቁ፤ ከተንኳኳ ላልቷል። ኩሽኔታው ለዓመታት በኮረኮንች ሲቀጠቀጥ ኖሯል፤ ላቫጆ ላይ በኃይለኛ ውኃ በታጠበ ቁጥር ደግሞ ግሪሱ ይወጣል። በዚህ ላይ የመሪ አሞርዛተር መግጠም የጥርስ ሕመምን በማስታገሻ እንደማስተኛት ነው። ሕመሙ ዝም ይላል፤ ጥርሱ ግን መበስበሱን አይተውም።

ኩሽኔታው ደህና ከሆነ የጎማውን ንፋስ ለኩ፤ ከሚገባው በላይ የተነፋ ጎማ ድንጋይ ላይ ይነጥራል። የቸርኬውን ሽቦዎች አንድ በአንድ ንኩ፤ የላላ አይጠፋም። የፊት አሞርዛተሩ ዘይት እያፈሰሰ እንደሆነ እዩ። ከዚያ ጭነቱን ተመልከቱ። ከኋላ ግማሽ ኩንታል ድንች፣ በላዩ ሰው፣ በጎኑ ጄሪካን ይጫናል። ክብደቱ ከኋላ ጎማ ወዲያ ባለፈ መጠን የፊቱ ይቀላል፤ የቀለለ የፊት ጎማ ደግሞ ለጠጠሩ ሁሉ ይታዘዛል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም የሚነጥቅ መሪ አለ። እዚህ ላይ የአነዳዳችንን ነገር ማየት ያስፈልጋል። አሞርዛተሩ ዋጋውን የሚያወጣው በፍጥነት ነው፤ ረጅም ኮረኮንች ላይ በ60 እና በ70 ለሚበር ሰው ክንዱን ያሳርፍለታል፣ ነፍሱንም ሊያተርፍለት ይችላል። የእኛ ቁልቁለት ግን በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ የሚወረድ ነው። በእግር መንገድ ፍጥነት ሚዛን የሚጠበቀው መሪውን ቶሎ ቶሎ ትንሽ ትንሽ በማዞር ነው። አጥብቆ የሚይዝ አሞርዛተር ያን ጊዜ ጠላት ይሆናል። በዚያ ላይ ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ በጠዋት ውርጭ ዘይቱ ይወፍራል፣ መሪውም ይከብዳል። ማታ ደብረ ታቦር ላይ ያስተካከላችሁት ጠዋት ጉና ሥር ያው አይሆንም።

ከዚህ ሁሉ በኋላም እገዛለሁ ለሚል አራት ነገር ልንገረው። አንደኛ፣ ለያዝከው ሞተር የተሠራ ማሰሪያ መኖሩን አረጋግጥ። ያማሃ ኤጂ 100 ለገበሬ ሥራ እንጂ ለውድድር አልተሠራም፤ ኤጂ የሚለው ስሙ ራሱ ከእርሻ የመጣ ነው። «እዚሁ አበይደን እንገጥመዋለን» የሚልህን አትስማ። የሻንሲው አንገት ላይ የተበየደ ነገር ቢሰበርና መሪውን ቢቆልፈው መድረሻህ ገደል ነው። ሁለተኛ፣ መሪው ወደ ዳር ሲሄድ ብቻ የሚይዝ፣ ወደ መሐል ሲመለስ የሚለቅ ይሻላል፤ ለጠመዝማዛ መንገዳችን ይስማማል። ሦስተኛ፣ ኮርቻ ላይ ሆነህ በእጅህ የምታላላውና የምታጠብቀው ይሁን፤ ሁልጊዜም ከላላው ጀምር። አራተኛ፣ ጎሚው ሲያረጅና ዘይቱ ሲያፈስ ማን እንደሚጠግነው ጠይቅ። ቅርብ ቦታ የሚፈታው ባለሙያ ከሌለ 48,000 ብር የሚያወጣ ጌጥ ነው የገዛኸው።

ለወዳጄ ሻንጣ የጻፍኩለት ዝርዝር ይህ ነው፦ ለሞተሩ ሞዴል የሚሆን የመሪ ኩሽኔታ፣ የፊት አሞርዛተር ጎሚ፣ የንፋስ መለኪያ፣ ፊትን ሙሉ የሚሸፍን ሄልሜት። ሁሉም ተደምሮ የአሞርዛተሩን ግማሽ አያወጣም። ትንሽ አኩርፏል፤ ቪዲዮው ላይ ያለው ክብ ነገር ያምራልና።

አንድ ነገር ለአለቆችም ልበል። ሠራተኛችሁን የክትባት ሳጥን አሸክማችሁ ወደ ቀበሌ ስትልኩት ከሥሩ ያለው ሞተር የእናንተ ነው። ነዳጅ ይሞላለታል፣ ቁልፉ በፊርማ ይሰጠዋል። ኩሽኔታ ይቀየርልኝ ሲል ግን «በጀት የለም» ይባላል። ያ ሰው ከኪሱ ወይም ከዘመዱ ሻንጣ መፍትሔ የሚፈልገው ቅንጦት አምሮት አይደለም። መሪው ስለነጠቀው ነው።

ሞተር የሚነዳ ወዳጅ ያላችሁ ይህን አጋሩት። ዛሬ ማታ ጎማውን ያንሳና መሪውን በሁለት ጣት ያዙረው። ለዚህ ዶላር አያስፈልግም።

ሰላም ግቡ።