ቀለሃ የማይጣልበት ዘመን

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የወጅግራ ጥይት ገበያ ወጥቶ እንደ ገንዘብ ይሠራ ነበር። ማርትሬዛ ብር ለትንሽ ግዢ ይበዛል፤ አሞሌ ጨው ይከብዳል፣ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ይሟሟል። ጥይት ግን በዝናር ታጥቀው ይዞሩታል፣ አይበላሽም፣ የማይፈልገው ሰው የለም። መንገደኛ በጥይት እህል ይገዛል፣ ዶሮ ይገዛል። በዚያን ጊዜ ወደ አገሪቱ የመጡ የውጭ ተጓዦች ይህን አይተው ጽፈዋል።

ገንዘብ የሆነ ነገር በከንቱ አይተኮስም።

ወጅግራ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ለሠራዊታቸው የተቀበሉት፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ጠመንጃ ነው። የጥይቱ አረር 11 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ ቀለሃው ወፍራም ናስ ነው። ተኳሹ ምላጭ ይስባል፣ መቀርቀሪያውን ይከፍታል፣ ባዶውን ቀለሃ ያወጣል፣ ሌላ ያጎርሳል። ባዶው እዚያው እግሩ ሥር ስለሚወድቅ ጎንበስ ብሎ ያነሳዋል። የሚያነሳው ለማስታወሻ አይደለም፤ ቀለሃው እንደገና ይሞላ ስለነበር ነው። ባሩድ በአገር ቤት ይዘጋጃል፤ ድኙ ከአፋር በረሃ ይመጣል፣ ከሰሉ ከደጅ ይገኛል፣ እርሳስም ቀልጦ አረር ይሆናል። ከባዱ ነገር ከቀለሃው ቂጥ ላይ እሳት የምትጭረው ትንሿ ክዳን ነበረች። እሷ ከውጭ የምትመጣ ናት፤ በቤት ውስጥ በደንብ የሚተካት የለም። ስለዚህ እንደገና የተሞላ ጥይት ብዙ ጊዜ ይከሽፋል፣ ቢተኮስም የአዲሱን ያህል ርቆ አይሄድም። ያም ሆኖ ከባዶ እጅ ይሻላል።

ለዚህ ታሪክ ፎገራ ሩቅ አይደለችም። የፎገራዋ ወረታ የባሕር ዳር፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት። በደብረ ታቦሩ መንገድ ሽቅብ የወጣ ሰው ጋፋትን ያገኛታል። ዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ሚሲዮናውያንንና የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያስቀለጡባት መንደር ናት። ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራው እዚያ ነው፤ በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ። ንጉሡ የተረዱት ነገር ግልጽ ነው፤ መሣሪያውን ከባዕድ የሚገዛ ሰው ጥይቱንም ከባዕድ ሲለምን ይኖራል። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የተቋቋመው የጋፋት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ስሙን የወሰደው ከዚህችው መንደር ነው።

በጣሊያን ወረራ ጊዜ የጥይት ችግር አፍጥጦ መጣ። የበጌምድር አርበኛ እጅ ላይ የነበረው መሣሪያ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ወጅግራ፣ አልቢን፣ ምንሽር፣ ከጠላት የተማረከው ደግሞ ሌላ። የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። አንድ ሰው ጎበዝ ተኳሽ ሆኖ፣ ጠመንጃም ይዞ፣ ለጠመንጃው የሚስማማ ጥይት ግን አጥቶ ሊቀመጥ ይችላል። ዋናው ግምጃ ቤት የጠላት ስንቅና ትጥቅ ነበር፤ ጥይት ለማግኘት ጥይት ያለውን መምታት ያስፈልጋል። በኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የመጨረሻው የጣሊያን ጦር እጁን እስኪሰጥ ድረስ እያንዳንዷ ተኩስ በሐሳብ የምትወጣ ነበረች።

ከዚያ በራሱ የሚያጎርሰው መሣሪያ መጣ። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ የአሜሪካኑን ኤም ዋን ያዘ፤ ስምንት ጥይት ይጎርሳል፣ ስምንቱ ሲያልቅ የብረት ማቀፊያቸው ከመሣሪያው አናት ላይ ተስፈንጥሮ ይወጣል። ከ1969 ዓ.ም. በኋላ የሶቪየት መሣሪያ በብዛት ሲገባ ባለ 10 ጥይቱ ሲሞኖቭና ባለ 30 ጥይቱ ክላሽ ተከተሉ። በእነዚህ መሣሪያዎች የጥይቱ ጋዝ ራሱ መቀርቀሪያውን ወደ ኋላ ይገፋል፣ ቀለሃውን አርቆ ይወረውራል፣ ተከታዩን ያጎርሳል። ሰውየው ምላጩን ከመሳብ ሌላ ሥራ የለውም። እንደ ድሮው በቤት ባሩድ የተሞላ ጥይት እዚህ አያዋጣም፤ ግፊቱ ካነሰ መሣሪያው ተቀርቅሮ ይቀራል፣ ከበዛ ይፈነዳል፣ የሚፈነዳው ደግሞ ተኳሹ ፊት ላይ ነው። የክላሽ ቀለሃ ብዙውን ጊዜ ቀጭን ብረት እንጂ ናስ አይደለም፤ የተሠራው አንድ ጊዜ ተተኩሶ እንዲጣል ነው። በአሜሪካ የውድድር ተኳሾች የናስ ቀለሃ እየለቀሙ በልዩ መሣሪያ እየለኩ ይሞላሉ። በእኛ አገር ግን ያለ ፈቃድ ጥይት መሥራትም ሆነ መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የተከለከለ ነው።

ቀለሃው ሲጣል ቁጠባውም አብሮ ተጣለ። ትልቁ ለውጥ ይሄ ነው። ለሙሽራ ወይም ለሟች ክብር መተኮስ በጎንደር አገር የቆየ ልማድ ነው። ግን በወጅግራ ዘመን ትርጉሙ ሌላ ነበር፤ ባለጠመንጃው ለገንዘብ የሚሆን ጥይቱን፣ ዳግም ለማግኘቱ እርግጠኛ ያልሆነበትን፣ ለወዳጁ ሰጠ ማለት ነው። አንዷ ተኩስ ስጦታ ነበረች። ዛሬ አንድ ካዝና በጥቂት ሰከንድ ይራገፋል። ስሙ ያው ተኩስ ነው፤ ነገሩ ግን ሌላ ሆኗል፣ ሽማግሌዎችም ይህን ልዩነት ለወጣቱ ሊነግሩት ይገባል።

ወደ ሰማይ የተተኮሰው ሁሉ ይወርዳል። በሎስ አንጀለስ አንድ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1992 ከሰማይ በወደቀ ጥይት የተመቱ 118 ሰዎችን መዝግቦ ነበር፤ 38ቱ ሞተዋል። አንዳቸውም የተኳሹ ጠላት አልነበሩም። የክላሽ ጥይት ወደ ላይ ገደድ ብሎ ከወጣ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዝ ይችላል። ፎገራ ደግሞ ሜዳ ናት። ከርብ ወንዝ እስከ ጉማራ ወንዝ ጥይቱን የሚያግደው ተራራ የለም፤ ያለው የሩዝ ማሳ፣ ከብት ጠባቂ ልጅ፣ ከገበያ የሚመለስ ሰው ነው። በቆላማ ሸለቆ ገደል ላይ የሚቀር ጥይት እዚህ የሰው ግቢ ያገኛል።

በዚያ ላይ አካባቢው ጦርነት አይቷል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ውጊያው ጋይንትን አልፎ ደብረ ታቦር ዳርቻ ደርሶ ነበር፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህም የአማራ ክልል የተኩስ ድምፅ አልራቀውም። ሕፃናት በየሜዳው የሚያገኙት ባዶ ቀለሃ ብቻ አይደለም፤ ያልተተኮሰም አለ። ከሽፎ የቀረ ጥይት የሞተ ይመስላል፣ አልሞተም። እሳት ውስጥ ቢጣል ወይም በድንጋይ ቢቀጠቀጥ ይፈነዳል።

እንግዲህ ሩዙ ተሰብስቦ ጥር ሲገባ ሰርጉ ይጀመራል። በወረታና በዙሪያዋ ሰርግ የምትደግሱ ወላጆች፣ ሚዜዎችና የአገር ሽማግሌዎች፣ በጥሪው ላይ “ተኩስ የለም” ብላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ሽለላውና ፉከራው፣ እስክስታው ለሙሽራው ክብር ይበቃል። ልጆቻችሁ ጥይት ይዘው ቢመጡ አትቆጡ፣ ደብቀው ሌላ ቦታ እንዳይነካኩት፤ ከእጃቸው ተቀብላችሁ ከእሳት አርቁት፣ ትልቅ ፈንጂ የሚመስል ከሆነ ግን ካለበት ሳታነሱ ሰው አርቁና ለቀበሌው ወይም ለፖሊስ አስታውቁ።