የደም ግፊት ላለባት ጓደኛዬም ለሁላችንም የሠራሁት የእርጎ ዶሮ



አንድ ታካሚ የደም ግፊት እንዳለበት ስነግረው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ታዲያ ከእንግዲህ ምን ልበላ ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው የምግብ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኛ አገር ምግብ ከሰው ጋር፣ ከአንድ ትሪ ነው የሚበላው። «ያንቺ ይኸውልሽ፣ ጨው የለውም» ተብሎ በትንሽ ሳህን ለብቻ የቀረበለት ሰው ሁለተኛ ሲጠሩት ሰበብ ይፈልጋል።

ከጓደኞቼ አንዷ እንዲህ ሆና ነበር (የምጽፈው በፈቃዷ ነው)። ግፊት እንዳለባት ካወቀች ወዲህ ስንገናኝ ወይ በልታ ትመጣለች፣ ወይ ትቀራለች። በቅርቡ ስድስት ጓደኞቼን ቤቴ ምሳ ስጠራም «ለእኔ ብለሽ እንዳትደክሚ፣ በልቼ እመጣለሁ» አለችኝ። «ለአንቺ ለብቻሽ የምሠራው ነገር የለም፤ ሁላችንም የምንበላው አንድ ነው» አልኳት።

የሠራሁት ግማሹ የኛ፣ ግማሹ የሕንድ የሆነ ዶሮ ነው። ሕንዶች ዶሮን በእርጎና በቅመም ዘፍዝፈው ያበስላሉ። እኔ በነሱ ቅመም ፋንታ በርበሬ አድርጌ በእንጀራ አቀረብኩት። እርጎው ሥጋውን ያለሰልሰዋል። የእርጎውና የሎሚው ኮምጣጣነት፣ ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ሆኖ፣ የጨው ማነስ ጎልቶ እንዳይሰማ ያደርጋል።

አሠራሩ

ቆዳው የተገፈፈ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል የዶሮ ጭን በ2 ኩባያ ስኳር የሌለው እርጎ፣ በ3 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ በተፈጨ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ በትንሽ እርድና በአንድ ሎሚ ጭማቂ ለውሼ፣ ከድኜ ፍሪጅ ውስጥ 4 ሰዓት አቆየሁት። ከዚያ 4 ራስ ቀይ ሽንኩርት በ3 ማንኪያ ዘይት አቁላላሁ፣ 5 የተፈጨ ቲማቲም ጨመርኩ፣ ዶሮውን ከነእርጎው ከትቼ 40 ደቂቃ ያህል በመጠነኛ እሳት አበሰልኩት። የሐበሻ ዶሮ ከሆነ ግን ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። እርጎው ጥሬ ሥጋ ስለነካ አብሮ ሊፈላ ይገባል፤ ጥሬውን እንዳትቀምሱት።

አንዷ ጓደኛዬ የ14 ወር ልጇን ይዛ ስለመጣች፣ ለልጁ ጥቂት ሥጋ ቀድሜ ለይቼ ያለ በርበሬና ያለ ጨው፣ በሽንኩርትና በቲማቲም ቀቀልኩለት። አጥንቱን አውጥተን በደንብ አድቅቀን ሰጠነው።

ጨዉን እንቁጠረው

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲወስድ ይመክራል። ይህ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ለሰባት ሰው ድስት የጨመርኩት አንድ ልክ የሻይ ማንኪያ ነው፤ ሲከፋፈል ለአንድ ሰው 1 ግራም አይደርስም።

ወጥ ቤት ገብታ ያየችኝ ጓደኛዬ «ሶያ ሶስ ጣል ብታደርጊበት ይጣፍጥ ነበር» አለችኝ። ልክ ነች፣ ይጣፍጣል። ግን አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ ወደ 900 ሚሊግራም ሶዲየም አለው። ለቀን የሚመከረው ጣሪያ 2000 ሚሊግራም ስለሆነ፣ አንዱ ማንኪያ ብቻ ግማሹን ሊሞላ ይቃረባል። የሾርባ ቅመም ኩቦችም እንዲሁ ጨው የበዛባቸው ናቸው። የተዘጋጀ በርበሬ ስትገዙ ደግሞ ጨው ገብቶበት እንደሆነ ጠይቁ። የኔን እናቴ ያለ ጨው ነው ያስፈጨችልኝ።

ዶሮ ስለማጠብ

በዚህ ጉዳይ ከእናቶቻችን ጋር መጣላት አልፈልግም። ቤት ታርዶ የተነጨ ዶሮ መጽዳቱ ግድ ነው። ነገር ግን ሎሚና ጨው ሽታውን ቢቀንሱም እንደ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር ያሉትን ጀርሞች ይገድላሉ ብላችሁ አትተማመኑባቸው። የሚገድላቸው እሳት ነው። ስለዚህ፦

- ከቧንቧ በሚወርድ ውኃ ሳይሆን ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ፣ ሳትረጩ እጠቡ። ሰላጣና እንጀራ አጠገብ አይሁን።
- ሲጨርሱ ዕቃውን፣ ቢላውንና መክተፊያውን በሳሙና፣ እጅንም ቢያንስ ለ20 ሰከንድ መታጠብ ያስፈልጋል።
- የምግብ ቴርሞሜትር ያለው ሰው የሥጋው መሐል 74 ዲግሪ ሴልሺየስ መድረሱን ይለካ። ከሌላችሁ፣ አጥንቱ ጋ ያለው ሥጋ ሮዝ መሆኑ ቀርቶ በቀላሉ እስኪላቀቅ አብስሉ። በተለይ ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃናትና አረጋውያን በሚበሉት ላይ አትቸኩሉ።
- የተረፈውን በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገቡ። በ3 ቀን ውስጥ፣ በደንብ እስኪፈላ አሙቃችሁ ብሉት። ለእንግዳ ቋጥራችሁ ስትሰጡም ይህንኑ ንገሩት።

ጓደኛዬ ያን ቀን በልታ ነበር የመጣችው። ትሪው ሲቀርብ ግን ማንም ሳይለምናት እጇን ታጥባ ከእኛ ጋር ተቀመጠች። ሌሎቹም «ጨው አነሰው» አላሉም፤ አንዷ እንዲያውም አሠራሩን ጻፊልኝ ብላኛለች።

ጨው መቀነስ የግፊት መድኃኒትን አይተካም። መድኃኒት የታዘዘላችሁ ሰዎች ሐኪማችሁን ሳታማክሩ እንዳታቋርጡ፤ ግፊታችሁንም በቀጠሯችሁ ተለኩ። የቤተሰብ አባላት ደግሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ የታመመውን ሰው ድስት ለብቻ ከመለየት የሁሉንም ጨው ቀንሱ። ለልጆቻችሁም ይጠቅማል፤ ምላሳቸው ከትንሽነታቸው የለመደውን ነው አድገውም የሚፈልጉት።

እናንተስ ጨው ቀንሳችሁ የሚጣፍጥላችሁ ምግብ የትኛው ነው? ጻፉልኝ፣ ለሌሎችም ይጠቅማል። መልካም ጤና!